ከሰባቱ አንዱ ወንጌላዊ ነበረ፦ ለቤተ ክርስቲያናችን የተልእኮና የስደተኞች ጉዳይ ክፍሎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለቤተ ክርስቲያናችን የተልእኮ ክፍል እና የስደተኞች ጉዳይ ክፍል ኃላፊዎች
ጀርመን

ጉዳዩ፦ የአማርኛ ተናጋሪ ጉባኤያችን ለስደተኞች ይሰጠው የነበረው የቅዳሜ የምክር አገልግሎት ድጋፍ እንዲቋረጥ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

የዚህ ደብዳቤ የጀርመንኛ ቅጂ በእጃችሁ ገብቷል። በአማርኛም በግልጽ እንዲወጣ የወሰንነው ውሳኔያችሁ የሚነካቸው ሰዎች ስለ እነርሱ ምን እንደተባለና ምን እንደተጠየቀ በሚገባቸው ቋንቋ ማንበብ ስላለባቸው ነው። የጽሕፈት ቤታችሁንም ሆነ የከተማችንን ስም አልጠቀስንም፤ በሌሎች ከተሞች የሚያመልኩ ወንድሞችና እህቶችም ተመሳሳይ ነገር እንደገጠማቸው ይነግሩናልና። የተጎዱትንም በስም አንጠራም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ በጻፋችሁልን ደብዳቤ፣ የቅዳሜው አገልግሎት ከተልእኮ በጀት ያገኝ የነበረው ድጋፍ መቆሙን አስታውቃችሁናል። የተሰጠው ምክንያት የሕግ ምክርና የትርጉም ሥራ የወንጌል ተልእኮ አይደለም የሚል ነው። ወደ ስደተኞች ጉዳይ ክፍል ስንሄድ ደግሞ የዚያ ክፍል ገንዘብ ሃይማኖታዊ ለሆነ ጉባኤ እንደማይሰጥ ተነገረን። አገልግሎቱን ከጸሎት ቤቱ አውጥተን፣ ጸሎቱን ትተን፣ በሌላ ማኅበር ስም ብናደርገው ሊታይ እንደሚችል ተገለጸልን። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ሕንጻ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ናቸው። አንዱ መንፈሳዊነታችሁ አነሰ አለን፣ ሌላው በዛ አለን። በዚህ መካከል የወደቁት ሰዎች እነማን እንደሆኑ እንድታውቁ እንፈልጋለን።

የቅዳሜው አገልግሎት ምን እንደነበረ በአጭሩ እናስታውሳችሁ። ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ይከፈታል። ሻይ ይፈላል፣ እህቶች ዳቦና ወጥ ያቀርባሉ። አንድ ጠረጴዛ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚችሉ አስተርጓሚዎች ተቀምጠው ሰው ይዞት የመጣውን ወረቀት ያነብባሉ። በወር ሁለት ጊዜ ጠበቃ ይመጣል። ርቀው በሚገኙ የስደተኞች መኖሪያዎች ላሉት የባቡር ቲኬት ይከፈልላቸዋል። ማታ ላይ መዝሙርና ጸሎት አለ፤ መቅረት የሚፈልግ ይቀራል፣ ማንም አይጠየቅም። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡ ነበር፤ ተነብቦላቸው፣ ምግብ በልተው ይሄዳሉ። ከእናንተ የምናገኘው ለአስተርጓሚዎቹ አነስተኛ አበል፣ ለጠበቃውና ለቲኬቱ የሚሆነውን ብቻ ነበር። ምግቡን የምንችለው እኛው ነን፤ ዛሬም እንችላለን።

አገልግሎቱ ከቆመ በኋላ የሆነውን እንንገራችሁ።

በጀርመን የስደተኞች መኖሪያ የኖረ ሰው ሁሉ ቢጫውን ፖስታ ያውቀዋል። የፍርድ ቤትና የጥገኝነት መሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚመጣው በእርሱ ነው፤ የደረሰበት ቀን በላዩ ላይ ይጻፋል፣ የይግባኙም ጊዜ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። የጥገኝነት ጥያቄን የትኛው የአውሮፓ አገር እንደሚያይ በሚወስነው በዱብሊን ሕግ መሠረት ወደ ሌላ የአውሮፓ አገር ትመለሳለህ የተባለ ሰው አቤቱታውንም የእግድ ጥያቄውንም ለማቅረብ ያለው ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጣ አንድ ወጣት ይህ ፖስታ ረቡዕ ማታ ደረሰው። በሞስኮና በቤላሩስ አድርጎ፣ በጫካ ተሻግሮ ፖላንድ የገባ፣ እዚያም አሻራ የተወሰደበት ልጅ ነው። ከውሳኔው ጋር የተያያዘችውን አጭር የአማርኛ ትርጉም አንብቦ ይግባኝ ማለት እንደሚችል ተረድቷል። ምክንያቱ የተዘረዘረባቸው ገጾች ግን በሙሉ በጀርመንኛ ነበሩ። የት እንደሚሄድ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያቀርብ፣ በጫካው ውስጥ በድንበር ጠባቂዎች የደረሰበትን ድብደባ ለማን እንደሚናገር የሚያሳየው ሰው ፈለገ። ቅዳሜ ባቡር ተሳፍሮ መጣ። አዳራሹ ዝግ ነበር።

ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ምን እናደርግ እንደነበር እናውቃለን። አስተርጓሚያችን ሰኞ ጠዋት አብሮት ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። እዚያ አቤቱታን በቃል አስመዝግቦ በጽሑፍ ማስፈር ይቻላል፤ ጠበቃ ለማቆም ገንዘብ የሌለው ሰውም ይችላል። ይህን የሚያውቀው ግን የነገሩት ብቻ ነው። ሳምንቱ አለፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፖሊስ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ወደ ፖላንድ ወሰደው። ፍርድ ቤቱ ይፈርድለት ነበር ብለን አንምልም። ሳይሰማ መሄዱን ግን እንናገራለን።

ሁለተኛው ጉዳይ ለመጻፍ የሚከብድ ነው፤ እህታችን ራሷ እንድንጽፈው ስለፈቀደች ጻፍነው። በአንድ የዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ የነበረች ናት። አሠሪዎቿ ለእረፍት ወደ አውሮፓ ይዘዋት ሲመጡ ከሆቴል ወጥታ አመለጠች። በዚያ ቤት የደረሰባትን አንድ ሴት ለሌላ ሴት እንኳን በቀላሉ የማትነግረው ነው። ለጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ጠያቂውም አስተርጓሚውም ወንዶች ነበሩ። ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ እንደምትችል አላወቀችም። ስለ ደመወዟ፣ ስለ ፓስፖርቷ መቀማት ተናገረች፤ ሌላውን ዋጠችው። ማመልከቻዋ ውድቅ ከሆነ በኋላ ለጠበቃ ስትናገር ደግሞ ዘግይቶ የቀረበ ቃል ተብሎ እምነት አጣ። በቅዳሜው ጠረጴዛ የሴቶች አገልግሎት ኃላፊያችን ከእያንዳንዷ እህት ጋር ከቃለ መጠይቁ በፊት ለብቻ ትቀመጥ ነበር። የሚጠየቀውን አስቀድማ ትነግራታለች፤ ምን መጠየቅ መብቷ እንደሆነ ታስረዳታለች፤ ካለቀሰች አብራት ታለቅሳለች፣ ከዚያም ይጸልያሉ። እስቲ ንገሩን፣ ከዚህ ውስጥ የትኛው ደቂቃ ተልእኮ፣ የትኛው ደቂቃ የስደተኞች እርዳታ ነው? እኛ መለየት አልቻልንም።

ይህን ስንል ያለ ምክንያት አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከሌላ አገር መጥተው ግሪክኛ ይናገሩ የነበሩት ወገኖች፣ መበለቶቻቸው በዕለት ዕለቱ አገልግሎት ቸል ስለተባሉባቸው አንጎራጎሩ። በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን የተነሣው የእንጀራ አቤቱታ የቋንቋ ባዕዳን አቤቱታ ነበር። ሐዋርያት ቃሉን ትተን ማዕድ እናገለግል ዘንድ አይገባም ማለታቸውን እናውቃለን፤ ከእናንተ አንዱም ይህንኑ ጥቅስ ጠቅሶልናል። እውነት ነው፣ ሥራውን ተከፋፈሉ። ነገር ግን ለማዕዱ የተመረጡት መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው እንዲሆኑ ተጠየቀ፣ ጸልየውም እጃቸውን ጫኑባቸው። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ የተበደለው ወገን ራሱ ኃላፊነቱን ተቀበለ። ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነው። በጋዛ መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ የነበረውን የህንደኬን ጃንደረባ ያገኘውና ያጠመቀው እርሱ ነው። በምዕራፍ 21 ቅዱስ ሉቃስ ስሙን ሲያነሣ “ወንጌላዊው” እና “ከሰባቱ አንዱ” ብሎ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራዋል። ለኢትዮጵያዊ ወንጌልን የነገረው ማዕድ እንዲያገለግል የተሾመ ሰው ነበር።

የእናንተም አገር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1853 የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን በዚያችው በንግሥት ህንደኬ ስም “ካንዳዜ” ብሎ የሰየማትን መርከብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ላከ። መልእክተኞቹ ሊደርሱ የፈለጉት ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ነበር፤ አልሆነላቸውም፣ ደቡብ አፍሪካ ቀሩ። ሚሲዮኑ ኢትዮጵያ የገባው ከ70 ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1927 ነው፤ ከዚያም በወለጋ በአይራ ሥራ ጀመረ። ከመካከላችን በዚያ አካባቢ ተወልደው በሚሲዮን ክሊኒክ የታከሙ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠሩ አሉ። ያኔ መርፌውን ለአንዱ ክፍል፣ ስብከቱን ለሌላው ክፍል የመዘገበ አልነበረም። የእነዚያ ሰዎች ልጆች አሁን በእናንተ ደጃፍ ናቸው። መርከብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የባቡር ቲኬት ነው።

ክርክሩም አዲስ አይደለም። በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጄኔቫ አንድ ሰነድ ልካ ነበር። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን የተላከው ይህ ሰነድ በምዕራብ ያሉ ለጋሾች ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል ሥራ መንፈጋቸውን ተቃወመ፤ የሰው ልጅ ሥጋና ነፍሱ በሁለት መዝገብ ሊከፈል እንደማይገባ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ ሊገለገል እንደሚገባው ተከራከረ። ጉዳዩ በ1974 ናይሮቢ ላይ ለብቻው የተጠራ ጉባኤ እስኪደረግበት ድረስ አከራከረ። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ ተገደሉ። ያቀረቡት አቤቱታ ግን በብዙ የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ተቀባይነት አግኝቶ “ሁለንተናዊ አገልግሎት” የሚለው አነጋገር በእናንተም ሰነዶች ውስጥ ይገኛል። እባካችሁ የራሳችሁን ሰነድ አንብቡት።

ሌሎቹን ቅሬታዎች አጠር አድርገን እናቅርብ።

መጋቢያችን ሌሊት በዕቃ መጋዘን እየሠራ ቀን ያገለግላል። ስለ ደመወዝ አልጠየቀም፣ እኛም አሁን አንጠይቅም። የጠየቅነው የመግቢያ ወረቀት ነው። አንድ ወንድማችን ለመባረር ተይዞ በእስር ማቆያ ሳለ መጋቢያችን ሊጎበኘው ሄደ፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ እውቅና ባላቸው የእስር ቤት አገልጋዮች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ስለሌለ ከበር ተመለሰ። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ቄስ ደግ ሰው ናቸው፤ ሆኖም አማርኛ አይችሉም። ወንድማችን በቋንቋው የሚጸልይለት ሰው ሳያገኝ በአውሮፕላን ተሳፈረ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። አንድ ፊርማ ነው።

ስለ ፎቶግራፉ ደግሞ ሦስት ጊዜ ጽፈን መልስ አላገኘንም። በፋሲካ ዕለት በጉባኤያችን የተጠመቁ ወጣቶች ምስል በዓመታዊው የተልእኮ መጽሔታችሁ ሽፋን ላይ ወጥቷል። አንዱም አልተጠየቀም። ከመካከላቸው ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነ፣ ቤተሰቦቻቸውም በአደጋ ውስጥ ያሉ ነበሩ። አንዱ ከሙስሊም ቤተሰብ የመጣ ነው፤ መጠመቁን ለእናቱ በራሱ አንደበት፣ በራሱ ጊዜ ሊነግራት ይፈልግ ነበር። እናቱ ከሌላ ሰው ሰማች። መዋጮ በሚሰበሰብበት ገጽ ላይ የእኛ ፊት ካለ፣ በበጀቱ ገጽ ላይ ደግሞ ተልእኮ አይደላችሁም ከተባልን፣ ይህን ለወጣቶቻችን እንዴት እናስረዳ?

ስለ ኪርሸንአዚል፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ስለ መጠለል፣ ጥቂት እንበል። በ1983 በርሊን የሚኖር አንድ ቱርካዊ ጥገኝነት ጠያቂ ለቱርክ ተላልፎ እንዳይሰጥ ፈርቶ ከፍርድ ቤት መስኮት ዘሎ ከሞተ በኋላ፣ በከተማው በክሮይትስበርግ ሰፈር የምትገኘው የቅዱስ መስቀል አጥቢያ ሊባረሩ የነበሩ የፍልስጤም ቤተሰቦችን አስጠለለች። ከዚያ ጀምሮ ብዙ አጥቢያዎች ይህን አድርገዋል፤ የምንመካበት የዚህ አገር ክርስትና ይህ ነው። ባለፈው ክረምት የምንጋራው የጀርመን አጥቢያ ሽማግሌዎች ጨቅላ የያዘች እናት ለማስጠለል በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ሰነዱ በትክክል እንዲዘጋጅ ምክር ከጽሕፈት ቤታችሁ ተጠየቀ። መልሱ የደረሰው እናትና ልጅ ከተወሰዱ በኋላ ነው። እንቢታ ቢሆን ኖሮ ሌላ በር እናንኳኳ ነበር። ዝምታው ነው የጎዳን።

በ2020 ከሌሎች ጋር ሆና የነፍስ አድን መርከብ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር እንድትሰማራ የረዳች የጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ናት። ያንን ሥራ እንደግፋለን፤ ከመካከላችን በዚያ ባሕር ወንድሙን ያጣ አለና። በጥቅምት 2013 በጣሊያኗ ደሴት በላምፔዱዛ አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ በዚህ ከተማ ለቅሶ የተቀመጥነው አብረን ነው። ከባሕር የወጣው ሰው ግን በኋላ ቢጫው ፖስታ ይደርሰዋል። ያን ጊዜም ቤተ ክርስቲያን አጠገቡ ትፈለጋለች።

ገንዘብ እየቀነሰ መሆኑን ነግራችሁናል፣ እናምናችኋለን። በ2023 ብቻ 380,000 ያህል ሰዎች ከጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አባልነት ለቅቀዋል። በ2019 የወጣው ጥናት በ2060 የሁለቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት፣ የወንጌላዊትና የካቶሊክ፣ አባላት ቁጥር በግማሽ እንደሚቀንስ ይተነብያል። ከአባላት ገቢ የሚሰበሰበውን የቤተ ክርስቲያን ግብር የሚከፍለው ሲቀንስ በጀት እንደሚጠብ ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን በዚያው ጊዜ እሑድ ከሰዓት ሕንጻችሁ በወጣቶች ይሞላል። የባዶ ወንበር መሙያ ተደርገን መቆጠር አንፈልግም። ሆኖም ወንጌል በአውሮፓ እንዲሰበክ የተመደበ ገንዘብ ካለ፣ ወንጌሉ ወደሚሰበክበት አዳራሽ ባይሄድ ወዴት ይሄዳል? ጥገኝነት ጠያቂ ብዙውን ጊዜ ግብር የሚከፍልበት ደመወዝ የለውም፤ ወረቀት ያገኙት አባሎቻችን ግን እንደ ማንኛውም ጀርመናዊ ይከፍላሉ።

ጊዜውም አይጠብቅም። በ2024 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት የስደትና የጥገኝነት ሕግ ከሰኔ 2026 ጀምሮ እንዲሠራበት ተወስኗል። በድንበር ላይ የሚደረጉ ፈጣን ምርመራዎች ይበዛሉ፣ ሰው ጉዳዩን የሚያስረዳበት ጊዜ ያጥራል። ጊዜው ባጠረ ቁጥር አስቀድሞ የሚያስረዳ ሰው ዋጋው ይጨምራል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የቅዳሜው አገልግሎት ድጋፍ ወደ ነበረበት ይመለስ። ሁለቱ ክፍሎች ወጪውን እንዴት እንደሚካፈሉ እርስ በእርስ ተነጋግረው ይወስኑ፤ እኛ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መመላለስ የለብንም። ጸሎታችንን ትተን እርዳታ እንድንቀበል የሚጠይቀው ቅድመ ሁኔታ በጽሑፍ ይነሣ።

የመጋቢያችን ስም በእስር ማቆያዎች አገልጋዮች ዝርዝር ውስጥ ይግባ። የሌሎች ስደተኛ ጉባኤያት መጋቢዎችም እንዲሁ።

የተጠማቂዎቹ ምስል ከመጽሔቱ የኢንተርኔት ቅጂ ይውጣ። ወጣቶቹም በጽሑፍ ይቅርታ ይጠየቁ፤ ከእንግዲህ ማንም ሰው በራሱ ፊርማ ሳይፈቅድ ምስሉ አይውጣ።

በቤተ ክርስቲያን መጠለልን የሚመለከት የምክር ጥያቄ ከአንድ አጥቢያ ሲቀርብ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ይሰጥ፤ መልሱ “አይቻልም” ቢሆንም።

በስደተኞችና በተልእኮ በጀት ላይ በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ከስደተኛ ጉባኤያት የተመረጡ ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት ሆነው፣ ድምፅ የመስጠት መብት ይኑራቸው። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ሰባቱን ስትሾም ይህን ያደረገችው ገና በጅማሬዋ ነው።

ወደ ፖላንድ ስለተላከው ወጣትም አንድ ነገር እንለምናለን። በዚያ አገር ከምትተባበሯቸው አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተገናኝታችሁ ያለበትን ሁኔታ እንዲያዩልን እንሻለን። ስልኩ ይሠራል፤ አድራሻውን ለኃላፊ በእጅ እንሰጣለን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ ጰራቅሊጦስ በዓል እንጠብቃለን። ለመነጋገር ከፈለጋችሁ እሑድ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ሁላችንም በጸሎት ቤቱ አለን፤ አስተርጓሚ እናዘጋጃለን። እስከዚያው ድረስ አስተርጓሚዎቻችን ያለ አበል፣ ከሥራቸው በተረፈ ሰዓት፣ በስልክ ማገልገላቸውን ይቀጥላሉ።

በክርስቶስ ወንድሞቻችሁና እህቶቻችሁ፣

የጉባኤው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ
የጉባኤው መጋቢ
የሴቶች አገልግሎት ኃላፊ
የወጣቶችና የመዘምራን ተጠሪ
የቅዳሜ አገልግሎት አስተርጓሚዎች ተወካይ

ግልባጭ፦
ሕንጻውን ለምንጋራው የጀርመን አጥቢያ የሽማግሌዎች ጉባኤ
በጀርመን ለሚገኙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወንጌላውያን ጉባኤያት